ራሱ የተመለጠ ደብዳቤ

የማርች ወር ስብሰባችን አልቆ፣ ቡናው ቶናው ላይ ደርሶ ሳለ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆነው የሚሠሩ፣ እሑድን ግን ለማኅበሩ ሲሉ እንቅልፋቸውን የሚሠዉ ሰው ናቸው። ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና፣ «አንተ፣ ድሮ ጋዜጠኛ ነበርኩ ትል የለም እንዴ? እስቲ ይቺን አንብብና ማን እንደጻፋት ንገረኝ» አሉኝ።

አነበብኩ። ከላይ የእሳቸው ስም አለ። ከሥሩ በሠንጠረዥ ዐሥራ ሁለት መስመር፤ በግራ ቀን፣ በቀኝ ገንዘብ። ዐሥራ አንድ ጊዜ 30 ዶላር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ 300 ዶላር፤ ድምሩ 630። ከታች አንድ ፊርማ ተጭሯል። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። የማኅበሩ ስም የለም፤ አድራሻ የለም፤ አርማ የለም።

«ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ፣ ‹እትዬ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ የሰጡት ለማን ነው?› ብሎ መለሰልኝ» አሉ፤ ድምፃቸውንም ትንሽ ከፍ አድርገው፣ «እኔም ለማን እንደሰጠሁት ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከጀርባችን የነበሩት ገንዘብ ያዣችን ሰሙ። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ውድ አንባቢያን፣ እንደምታውቁት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በሻንጣችን ይዘን የተሰደድን ሰዎች ነን። ገንዘብ የያዘ ሰው ሁሉ በልቷል ብለን እንነሣና፣ አለመብላቱን እሱ ራሱ እንዲያስረዳ እንጠብቃለን። እኚህ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ለስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለገሉ፣ የማኅበሩን ቴምብር ከኪሳቸው የሚገዙ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ከቡናው በፊት የተጀመረ ሹክሹክታ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። ለካ ስም የሌለው ወረቀት የደረሳቸው እትዬ ብቻ አልነበሩም፤ 42 ሰው ነበር።

ጥፋቱ የሌባ አይደለም። የራስጌ ነው። ፈረንጆቹ ሌተርሄድ የሚሉት፣ በደብዳቤ አናት ላይ የሚቀመጠው የድርጅት ስም፣ አርማና አድራሻ ማለቴ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ እያንዳንዱ የስደተኛ ማኅበር፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሪንተር የሚተዳደር ስለሆነ፣ ለዛሬ ስለዚሁ እንጫወት።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ለምን እንደማያገለግል ልንገራችሁ። በአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ መሠረት፣ ሰው ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ጥሬ ገንዘብ ከታክሱ ለማስቀነስ የባንክ ማስረጃ ወይም ከድርጅቱ የተሰጠ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ጽሑፉም የድርጅቱን ስም፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን መያዝ አለበት። በአንድ ጊዜ የተሰጠው 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የባንክ ማስረጃ ብቻ አይበቃም፤ ድርጅቱ ራሱ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ በለውጡም ዕቃ ወይም አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱን መግለጽ ይኖርበታል። ይህም ማስረጃ ታክሱ ከመግባቱ በፊት ከሰጪው እጅ መድረስ አለበት። እትዬ የሰጡት ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ባንክ አያውቀውም። የ300 ዶላሩም አዳራሽ ለመግዛት ባዋጣን ጊዜ የተሰጠ ነው። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ቀኑ አለ፣ መጠኑ አለ፤ የጠፋው የተቀባዩ ስም ነው። አፕሪል 15 ደግሞ አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ስሙ እንዴት ጠፋ? ቀድሞ ማኅበራችን ራስጌውን ማተሚያ ቤት አሳትሞ 500 ወረቀት በካርቶን ያስመጣ ነበር። ያ ወረቀት ፕሪንተሩ ውስጥ ከገባ፣ ደብዳቤውን በዎርድ ጻፈው፣ ሒሳቡን በኤክሴል ሥራው፣ ከኢሜይል አትመው፣ ሁሉም ባለ ራስ ሆኖ ይወጣል፤ ምክንያቱም ራስጌው የወረቀቱ ነው። ካርቶኑ ሲያልቅ የቀድሞው ጸሐፊያችን፣ «በየጊዜው ለማተሚያ ቤት ከምንከፍል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ላስገባው» አለና አስገባው። አጨበጨብንለት። ያስገባው ግን አንድ የዎርድ ደብዳቤ ውስጥ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራስጌው የወረቀቱ መሆኑ ቀርቶ የዚያ ፋይል ሆነ። ገንዘብ ያዣችን መዝገባቸውን የሚይዙት በኤክሴል ስለሆነ፣ እሳቸው ያተሙት ሁሉ ራሰ በራ ሆኖ ወጣ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እንደሚባለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አገር ቤት ሳለሁ በጋዜጠኝነት ሥራዬ አንድ ደብዳቤ እጄ ሲገባ ዐይኔ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ራስጌው፣ ቀጥሎ ቁጥሩና ቀኑ፣ ከዚያ ፊርማው፣ ቲተሩና ክቡ ማኅተም፤ የጽሑፉ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮ ነገሥታቶቻችን ደብዳቤዎችም ማኅተማቸው ከላይ ከአናቱ ነበር። አንባቢው ቃሉን ከመስማቱ በፊት የማን ቃል እንደሆነ ይወቅ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ባለ ራስጌው ወረቀት በቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ይንጠለጠል የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ታዲያ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ኮምፒዩተር ከሆነ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው በየፕሮግራሙ ለየብቻ ማስገባት ነው። በዎርድ ራስጌውን ከገጹ አናት፣ ሄደር ከተባለው ቦታ ታስገቡና፣ ፋይሉን እንደ ተራ ደብዳቤ ሳይሆን እንደ ቴምፕሌት ታስቀምጡታላችሁ። ቴምፕሌት ሲከፈት ሁልጊዜ አዲስ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ዋናው አይነካም። በተራ ፋይል የሚሠራ ሰው ግን አንድ ቀን የትናንቱን ደብዳቤ ሳያጠፋ ለሌላ ሰው መላኩ አይቀርም። የመጀመሪያው ገጽ የተለየ ይሁን የሚለውንም ምርጫ አትርሱ፤ አለበለዚያ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ አራት ጊዜ ትልቅ አርማ ለብሶ ይወጣል። በኤክሴልም በገጽ ማስተካከያው በኩል አርማ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን በተለመደው የሥራ ገጽታ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በገጽ አቀማመጥ ዕይታ ወይም ከመታተሙ በፊት በሚያሳየው ነው። የላይኛውን ኅዳግ ካላሰፋችሁት አርማው ቁጥሮቹ ላይ ይተኛል። ከሁሉ የሚከፋው፣ አንዱ ሉህ ላይ የገባ ራስጌ በሌላው ሉህ ላይ አይገኝም። ገንዘብ ያዣችን ለየአባሉ አንድ አንድ ሉህ፣ በድምሩ 42 ሉህ ነው ያላቸው። አድራሻችን በተቀየረ ቁጥር 42ቱንም ማረም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ራስጌውን ለፕሪንተሩ መስጠት ነው። ብዙዎቹ የቢሮ ማተሚያዎች ኦቨርሌይ የሚባል ነገር አላቸው፤ ራስጌውን አንድ ጊዜ ታስቀምጡና የሚታተመው ሁሉ ላይ ይደርበዋል። ከዎርድ መጣ ከኤክሴል አይጠይቅም። እንደ ድሮው የማተሚያ ቤት ወረቀት ማለት ነው። ጣጣው ሌላ ነው፤ የጸሐፊዋ ልጅ የቤት ሥራውን ሲያትም እሱም የማኅበሩን ራስጌ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መፍትሔው ያንኑ ፕሪንተር በኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ጊዜ መጫን ነው፤ አንዱን «ተራ»፣ ሌላውን «ባለ ራስጌ» ብሎ መሰየምና ራስጌውን ለሁለተኛው ብቻ መስጠት። ይሁንና ይህ መንገድ የሚረዳው ወረቀቱ ከዚያው ማሽን ሲወጣ ብቻ ነው። በኢሜይል የሚላከው አሁንም መላጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ከምንጽፈው አብዛኛው የሚሄደው በኢሜይል ነው።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጎ፣ ራስጌውን ከሥሩ ማንጠፍ ነው። ራስጌው ለብቻው አንድ ፒዲኤፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከየትኛውም ፕሮግራም የመጣው ጽሑፍ እላዩ ላይ ይተኛል። አክሮባት የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ባክግራውንድ የሚል መሣሪያ አለው። ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ማኅበር ፒዲኤፍቲኬ የሚባል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም አለለት። ባክግራውንድ የሚለው ትእዛዙ አንዱን ራስጌ ለገጹ ሁሉ ያነጥፋል፤ መልቲባክግራውንድ የሚለው ደግሞ ባለ ሁለት ገጽ ራስጌ ከሰጣችሁት፣ ትልቁን ለመጀመሪያው ገጽ፣ ትንሹን ለቀሩት ገጾች ሁሉ ያደርግላችኋል። ማስጠንቀቂያ ቢኖር አንድ ነው፤ ሠንጠረዡን ነጭ ቀለም ቀብታችሁት ከሆነ ቀለሙ ራስጌውን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ከላይ ያሉት ክፍሎች ያልተቀቡ ይሁኑ።

ይህን ለገንዘብ ያዣችን ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «መልካም፤ ራስጌው ግን የት አለ?» አሉ። እውነትም የት አለ? ከቀድሞው ጸሐፊ ዘንድ። እሱ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በምርጫው ጊዜ ተጣልቶ ከወጣ ወዲህ እግሩ አዳራሹን አልረገጠም። «የማኅበሩን ንብረት ይዞ ኮበለለ» እየተባለ ሲታማ እኔም ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጭንቅላቴን ነቅንቄ አዳምጫለሁ።

የዚያኑ ማታ ደወልኩለት። «ራስጌው ካንተ ዘንድ አለ ወይ?» አልኩት። «አለ እንጂ» አለኝ። «ለምን አልሰጠኸንም ታዲያ?» ብለው፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላከው። አንድም የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ፋይሉን ስንከፍት የእንግሊዝኛው ስም ደህና ነው፤ የአማርኛው ግን የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ጥርቅም ሆኖ መጣ። ይህ የብዙዎቻችን ደዌ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሰሌዳ በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዘዴ ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚጽፉት፤ ያ የፊደል ፋይል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ውስጡ ያለው ላቲን ይገለጣል። ጸሐፊያችን የማኅበሩን ስም የጻፈው በዚያ በድሮው ነበር። በዩኒኮድ የተጻፈም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ናያላ የተባለው ፊደል በዊንዶውስ 10 ከተጨማሪዎቹ ጋር ስለተመደበ ብዙ ኮምፒዩተር ላይ አይገኝም፤ ማኩ ደግሞ ከፋ የሚባል የራሱ ፊደል አለው። ፊደሉ ሲለወጥ የቃሉ ስፋት ይለወጣል፤ አንድ መስመር የነበረው ስም ሁለት መስመር ይሆንና አርማውን ይገፋዋል። መድኃኒቱ ራስጌውን በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ፊደሉ አብሮ ይታሸጋል። ጸሐፊውን እንደገና ደወልኩለትና እንዲሁ አድርጎ ላከው፤ ጥርት ብሎ መጣ።

ሌሎችም ሁለት ነገሮች አሉ። የአሜሪካው ሌተር ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውሮፓው ኤ4 ደግሞ 210 በ297። በዋሽንግተን የተሠራ ራስጌ በፍራንክፈርት ሲታተም ወይ ጠርዙ ይቆረጣል ወይ ጠቅላላው ይንሸራተታል። በሁለቱም አህጉር ቅርንጫፍ ያለው ማኅበር ሁለት ራስጌ ይኑረው። አርማውንም ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም ቀድታችሁ አታስገቡ፤ ስልክ ላይ የሚያምረው ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ለኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ሁለት ኢንች ስፋት ላለው አርማ 600 ነጥብ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጸሐፊው የላከውን ፋይል ስንመረምር ከራስጌው ጋር ሌላም ነገር አገኘን፤ የሊቀ መንበራችንን ፊርማ ሥዕልና የማኅበሩን ክብ ማኅተም ጭምር። ሥራ ለማቅለል ብሎ አንድ ላይ አስቀምጦት ነበር። ክፋት አላሰበበትም። ነገር ግን አስቡት፤ ለሁለት ዓመት ያህል አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ በማኅበራችን ስም ለኢሚግሬሽን፣ ለባንክ፣ ለፍርድ ቤት ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ስላላደረገውም አምተነዋል እንጂ አላመሰገንነውም። 500 ወረቀት በካርቶን ሲሆን ይቆጠራል፤ ፋይል ግን አይቆጠርም። ለአንዱ የላክኸው ለመቶ ሰው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከአናቱ ራስጌ ያለበት ወረቀት ሁሉ የማኅበሩ ቃል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ያ ዘመን ማለፉን ይወቅ።

ይህን ያየው ኮሚቴያችን የሚከተለውን ወሰነ፤ ለሌሎችም ይበጅ እንደሆነ ልጻፈው። ራስጌው የሚቀመጠው በማንም ግለሰብ ላፕቶፕ ሳይሆን በማኅበሩ ስም በተከፈተ የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ መክፈቻውን ሁለት ሰዎች ይይዛሉ። ፊርማና ማኅተም ከራስጌው ጋር በአንድ ፋይል ፈጽሞ አይቀመጡም፤ ፊርማ በእጅ ይፈረማል። የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ እንደ አገር ቤቱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተላከለት ሰው በመዝገብ ይሰፍራል፤ «ይህ ደብዳቤ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ መልስ እንዲኖረን። ለውጭ የሚላከው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ የዎርዱ ፋይል ከቤት አይወጣም። ምርጫ በተደረገ ቁጥር ደግሞ ከሒሳብ መዝገቡና ከባንክ ደብተሩ ጋር የራስጌው ርክክብ ይደረግና በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ላይ «አንድ የደብዳቤ ራስጌ ተረክቤአለሁ» ብሎ መፈረም የሚያስቀው ሰው ካለ ይሳቅ፤ እኛን ግን ያስከፈለን ዋጋ ሳቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ከገንዘብ ያዣችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ባለቤታቸው ሻይ እያቀረቡ፣ የኤክሴሉን 42 ሉህ አንድ ላይ መርጠን የላይኛውን ኅዳግ 5 ሳንቲ ሜትር አደረግነው፤ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አወጣነው፤ ራስጌውን ከሥሩ አነጠፍነው። ለስጦታው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በለውጡ አለመሰጠቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ጨመርን። ከዚያ እሳቸው በእጃቸው ቁጥር እየሰጡ፣ እየፈረሙ፣ ፖስታ ውስጥ ከተቱ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የመጨረሻውን ከፈረሙ በኋላ ብዕራቸውን ዘግተው፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም አልነካሁም» አሉኝ። «እሱን ማን ያጣዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «አይ፣» አሉ፣ «እሑድ ዕለት የሁሉንም ፊት አይቼዋለሁ።»

እትዬ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ከላይ ያለውን ስም በጣታቸው ተከትለው ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡ፤ ከዚያ ወደ ገንዘብ ያዣችን ሄደው እጃቸውን ጨበጡ። ጸሐፊውንም በሚመጣው ስብሰባ እንዲገኝ ጠርተነዋል፤ ይመጣ እንደሆነ እናያለን። እናንተም ከማኅበራችሁ የተሰጣችሁ ወረቀት ካለ ዛሬውኑ አውጡና አናቱን ተመልከቱ። ስም ከሌለው፣ ከማማታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።